ወይን የሌለበት ወይና ደጋ

የመንዝ ገበሬ ስለ መሬቱ ሲጠየቅ «ደጋ ነው፣ ውርጭ ነው» ይላል። የመርሐቤቴው ደግሞ «ወይና ደጋ ነው፣ ወረድ ሲል ቆላ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህንን አከፋፈል ገበሬው ከአባቱ ተቀበለው፣ የግብርና ባለሙያውም ከገበሬው ወስዶ በመጽሐፍ አሰፈረው። ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ያለው ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ መባሉ በሰፊው የታወቀ ነው። ቃሉ በየቀኑ በአፍ ስለሚመላለስ ግን ትርጉሙን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚሆንበት ደጋ ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች ለዚህ የከፍታ ክልል ስም ሲያወጡለት ጤፍ ደጋ አላሉትም፤ ጌሾ ደጋም አላሉትም። በወይን ጠሩት።

ዛሬ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ዝቅ ሲል ማሽላውን ያያል። በየጓሮው ጌሾ አያጣም። የወይን እርሻ ግን አያገኝም። ስሙ ቀርቶ ተክሉ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ወዳጅ ብቻ የሚተው አይደለም። ገበሬ ማኅበሩን ይዞ መሬቱ ምን ሊያበቅል እንደሚችል በሚመክርበት ጊዜ የመሬቱን ስም መመርመር አንድ መነሻ ይሆናል።

ከአክሱም የተረፈው ወሬ

ወይን በኢትዮጵያ ምድር እንግዳ መጠጥ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መምሪያ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሶርያዋ ላዖዲቅያና ከጣልያን የሚመጣ ወይን እንደነበረ ይዘረዝራል። ብዙ አልነበረም፤ ጸሐፊው ራሱ በመጠኑ ነው ይላል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና ያመፁትን የቤጃ ሰዎች ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ልኮ ድል አድርጎ ወደ ሌላ አገር ባሰፈራቸው ጊዜ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሕፈት በመንገድ ላይ ምን እንዳበላቸውና ምን እንዳጠጣቸው ይናገራል። በዝርዝሩ ውስጥ ከእህል የሚጠመቅ መጠጥም ወይንም አለ። እስረኛን ወይን የሚያጠጣ ንጉሥ ወይን ከሩቅ አገር ብቻ በማሰሮ ያስመጣ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ክርስትና ሲገባ ወይን ሌላ ማዕረግ አገኘ። ያለ ወይን ቅዳሴ የለም። በግዕዝ ሙሉ ሆኖ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ኖኅ መርከቡ ባረፈበት በሉባር ተራራ ላይ ወይን እንደ ተከለ ይተርካል፤ ስለዚህ የተራራ ሰው የሆነው የደጋ ካህን ወይንን ከተራራ ጋር አያይዞ ማንበቡ አይገርምም።

በ1512 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1520) ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከተላከው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል አገሩን ዞሮ ያየውን ጽፏል። እርሱ እንደሚለው ከወይን ፍሬ የሚጠመቅ መጠጥ በግልጽ የሚዘጋጀው በሁለት ቤት ብቻ ነበር፤ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላው ሰው ቢያዘጋጅ በስውር ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ከዘቢብ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ይዘጋጅ እንደነበር አስፍሯል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወይን መጠጥ ሆኖ የተከለከለ ሳይሆን የማዕረግ ምልክት ሆኖ የተከበበ ነበር። ለጥቂት ማዕድ ብቻ የሚፈለግ ሰብል ገበሬው በእርሻው መሐል አይተክለውም፤ ቢተክለውም ከጓሮው አጥር አያልፍም።

ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን ሲመጣ በጣና ምሥራቅ በእንፍራዝ አካባቢ ወይን ተተክሎ ይጠመቅ እንደነበር ጽፏል። እንፍራዝም ወይና ደጋ ነው። ስሙና ተክሉ በአንድ ስፍራ የተገናኙበት ምስክር ይኸው ነው።

ጠጅ ስሙን ቀድሞ ያዘ

ወይን በሰፊው ማሳ ላይ ላለመስፋፋቱ ዋናው ምክንያት ግን ክልከላ ሳይሆን ተፎካካሪ ነው። ተፎካካሪውም ማር ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ቋንቋው መመለስ ይበቃል። አማርኛ የወይን ፍሬ መጠጥን «ወይን ጠጅ» ይለዋል። ጠጅ የሚለው ቃል ቀድሞ በቦታው ተቀምጧል፤ የወይኑ መጠጥ ኋላ መጥቶ በጠጅ ስም ተጠራ። ሌላው ዓለም የማርን መጠጥ «የማር ወይን» ሲለው እኛ የወይኑን መጠጥ «የወይን ጠጅ» አልነው። የትኛው ቤተኛ የትኛው እንግዳ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ የለም።

የሸዋ ነገሥታት መነሻ መንዝ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ ያቆመው ቤት በልጅ ልጆቹ ዘመን ወደ ይፋትና ወደ አንኮበር ወረደ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) በአንኮበርና በአንጎለላ ግብር ሲያበሉ ጠጅ የንጉሥና የመኳንንት መጠጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ መሪነት ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ይህንኑ አይቶ ጽፏል። ጭሰኛው ጠላውን ይጠጣል፤ ጠጅ የሚቀምሰው ሲጋበዝ ነው። ስለዚህ አልቫሬዝ በሰሜን ስለ ወይን ያየው የማዕረግ አጥር በሸዋ በጠጅ ዙሪያ ቆሞ ነበር። መጠጡ ተለወጠ፣ አጥሩ ግን አልተለወጠም።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ አለው። መንዝ በገብስ ይታወቃል። ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ምድር አምባ ላይ የሚታጨደው ገብስ ብቅል ሆኖ፣ ተቆልቶ፣ ደርቆሽ ሆኖ ወደ ጠላ ጋን ይገባል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የጠላውንም የጠጁንም ጣዕም የሚያቆመው ጌሾ ግን ከውርጩ ላይ አይበቅልም፤ የሚመጣው ከወይና ደጋው ነው። የግሼ ሰው፣ የመንዝ ሰው፣ የመርሐቤቴ ሰው በገበያ ቀን ተገናኝተው ገብስ በጌሾ፣ የበግ ጠጉር በማሽላ፣ ማር በጨው ሲለዋወጡ የኖሩት ገደሉ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ስለ ሰጠው ነው። አንድ ገንቦ ጠላ ሁለት የአየር ንብረት በውስጡ ይዟል። የወይን ሊቃውንት ስለ መሬትና ስለ ጣዕም ዝምድና ብዙ መጽሐፍ ሲጽፉ የመንዝ ጠላ ጠማቂ እናት ይህንኑ በጋኗ ስታውቀው ኖራለች።

ድንጋዩና አየሩ

ስለ መሬትና ስለ ጣዕም ከተነሣ አንድ አስገራሚ ነገር ማለፍ አይገባም።

በፈረንሳይ ሰሜናዊ ቡርጎኝ ሻብሊ የሚባል ትንሽ ከተማ አለ። በዓለም ከታወቁት ነጭ ወይን ጠጆች አንዱ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። የሚጠመቀው ሻርዶኔ ከሚባል አንድ የወይን ዓይነት ብቻ ነው። የአካባቢው ሰዎች የጣዕሙ ምሥጢር ድንጋዩ ነው ይላሉ። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ውስጥ የተከመረ፣ ጥቃቅን ቅርፊቶች የሞሉበት።

አሁን ከሻብሊ ወደ ጀማ ሸለቆ እንመለስ። ከመርሐቤቴ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋማውን ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ ያያል። ይህ የኖራ ድንጋይ የተፈጠረው ባሕር የምሥራቅ አፍሪካን ሰፊ ክፍል ባጥለቀለቀበት በዚያው የጁራሲክ ዘመን ነው። ጀማና ወንጪት አምባውን ለሚሊዮን ዓመታት እየቆረጡ ባይወርዱ ኖሮ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። የሻብሊና የጀማ ድንጋይ በዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በድንጋይ ብቻ ወይን አይሆንም። በዕድሜ እኩያ የሆነ ድንጋይ አለ ተብሎ ነገ ችግኝ የሚገዛ ማኅበር ካለ ቢቸኩል ይጎዳል። የወይን ግንድ በአውሮፓ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በፀደይ ይነቃል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ብርዱ ስለማይበቃው አይተኛም። ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚያስነሣውም የገበሬው መቀስ ነው፤ መቼ እንደሚገረዝ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በሰሜን ሸዋ ዝናቡ አያባራም። ቅጠሉና ዘለላው በዚህ ጊዜ ከተገኘ ሻጋታ ይፈጀዋል። ፍሬው እንዲበስል የሚፈለገው በበጋው ፀሐይ ነው፤ በበጋ ደግሞ ያለ መስኖ ተክሉ አይቆምም። በጀማ ገደል ተዳፋት ላይ ውኃ ወደ ላይ ማውጣት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ውርጩም አለ። የሻብሊ ገበሬዎች በሚያዝያ ሌሊት ውርጭ የወይኑን እንቡጥ እንዳያቃጥል በየማሳው እሳት እያነደዱ ያድራሉ። የመንዝ ገበሬም በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ባቄላው በአመዳይ ሲመታበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ልዩነቱ የሻብሊው ሰው ውርጩን የሚታገለው በዓመት ለጥቂት ሌሊት መሆኑ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በመንዝ አምባ ወይን ፍሬው ሳይበስል ይቀራል። ቀደምት አባቶች ደጋውን ደጋ፣ ከሥሩ ያለውን ወይና ደጋ ያሉት ይህንን አይተው ነው። ስሙ ስለ ወይን ሰብል የተጻፈ የጥንት የምርምር ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙ እውነት መሆኑ የታየበት ስፍራ

በአገራችን ወይን ወደ ፋብሪካ የገባው በ1930ዎቹ ነው። በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀዩን ጉደርን፣ ነጩን ክሪስታልን እያመረተ በሠርጉም በሆቴሉም ተለመደ። በ1967 ዓ.ም. በተደረገው ለውጥ በመንግሥት እጅ ገባ፤ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ተመለሰ። የጉደር ስም ከአምቦ ወዲያ ካለው ወይና ደጋ ስፍራ የተወሰደ መሆኑን ጠጪው ሁሉ አያስተውለውም።

ትልቁ ፈተና የተደረገው ግን በስምጥ ሸለቆ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከ2000 ዓ.ም. ዋዜማ ጀምሮ በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ አቅራቢያ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተከለ። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ ቀረበ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ እስከ መቆፈር ተደርሷል፤ የአውሮፓ የወይን መማሪያ መጽሐፍ ስለ ጉማሬ የሚለው ነገር ስለሌለ ይህ ከልምድ የተገኘ ትምህርት መሆን አለበት። የባቱ ከፍታ 1,640 ሜትር ገደማ ነው። ወይና ደጋ ነው። የሻብሊው ሻርዶኔ በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ላይ ዘለላ ሰጠ ማለት ነው።

ይሁንና የባቱ መሬት ሜዳ ነው፣ አሸዋማ ነው፣ ሐይቅ አጠገቡ አለ፣ ካፒታሉም የትልቅ ኩባንያ ነው። የመርሐቤቴ ገበሬ መሬት ተዳፋት ነው፣ በእርከን የተያዘ ነው፣ የብዙ ሰዎች ቁርጥራጭ ይዞታ ነው። ኩባንያ ሦስት ዓመት ያለ ምርት መጠበቅ ይችላል፤ የወይን ተክል ደግሞ ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ግማሽ ሄክታር ጤፍ ላይ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ሦስት ዓመት መጠበቅ አይችልም። የተነሣው ጥያቄ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መሬቱ ይችላል፣ ባለ መሬቱ ብቻውን ግን አይችልም።

ማኅበር ያዳነው ዘለላ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በአውሮፓም የወይን ገበሬ በአብዛኛው ድሃ ነበር። በጀርመን አር ሸለቆ ገደል ላይ ያሉ ትንንሽ ወይን አምራቾች ነጋዴ በሚቆርጥላቸው ዋጋ ተንገፍግፈው እ.ኤ.አ. በ1868 በማይሾስ መንደር ማኅበር አቋቋሙ። በዓለም ካሉት የወይን አምራቾች ማኅበራት ቀዳሚ ነው ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ ማሮሳን በሚባል መንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 ገበሬዎች ተደራጅተው፣ ኋላም የጋራ መጥመቂያ ሠርተው ወይናቸውን በፓሪስ ለሚገኙ የሸማቾች ማኅበራት በቀጥታ ሸጡ። መሐል ያለው ነጋዴ ወጣ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ የኅብረት ሥራ አባል ለሆነ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ እህሉ ሌላ ይሁን እንጂ ሒሳቡ አንድ ነው።

ሌላው ስም መጠበቅ ነው። በሃንጋሪ የቶካይ ነጭ ወይን የሚመረትበት ወሰን እ.ኤ.አ. በ1737 በንጉሥ ትእዛዝ ተከለለ። በሻምፓኝ ደግሞ ነጋዴዎች ርካሽ የወይን ፍሬ ከሌላ አገር እያስገቡ በሻምፓኝ ስም ሲሸጡ ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1911 መጋዘን እስከ ማቃጠል ደርሰው አመፁ። ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ልምድ አላት። የሲዳሞ፣ የይርጋ ጨፌና የሐረር ቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተጀመረው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር በተደረገ ስምምነት ፍሬ አፍርቷል። ስም ሀብት ነው ማለት ይህ ነው። ስኳር በተቀላቀለበት መጠጥ ላይ «የማር ጠጅ» የሚል ጽሑፍ ሲለጠፍ የሚሰረቀውም ይኸው ሀብት ነው፤ ንብ አንቢው ገበሬ የሚከስረው ቀፎው በመሰረቁ ብቻ አይደለም።

የመንዝ ሰው የጋራ ሀብት አያያዝ ከፈረንጅ የሚማረው ነገር አይደለም። የጓሳው ሣር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ተጠብቆ፣ ለዓመታት ተዘግቶ፣ በአባ ቀራው ፈቃድ ተከፍቶ ይታጨድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢቋረጥም ኅብረተሰቡ ራሱ መልሶ በሌላ መልክ አቁሞታል። ሣር ለዓመታት ሳይነካ መጠበቅ የቻለ አገር ወይን ለሦስት ዓመት መጠበቅ ያቅተዋል ብሎ አስቀድሞ መፍረድ አይቻልም። ልዩነቱ ሣሩ ያለ ገንዘብ በቅሎ መጠበቁ ነው፤ ወይኑ ግን ከችግኙ እስከ መስኖው ቀድሞ የሚወጣ ብር ይጠይቃል።

ለዚህ ነው ነገሩ በትንሹና በቅርቡ ቢጀመር የሚሻለው። ለመጠጥ የሚሆን ወይን ፋብሪካ፣ ባለሙያ፣ ጠርሙስ፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ዘቢብ ግን ፀሐይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በመርሐቤቴ ቆላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን የመሰለ ደረቅ ፀሐይ። የዘቢብ ገበያም ሩቅ አይደለም። ከግሼ ራቤል እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በየቤተ ልሔማቸው ለቅዳሴ ዘቢብ ይዘፈዝፋሉ። በገበያ የሚሸጠው ዘቢብ አብዛኛው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ካህኑ ወይን የሚለውን ቃል በዜማ ያነሣል፣ መንደሩ በወይን ስም ይጠራል፣ በጽዋው ያለው ግን የሌላ አገር ፀሐይ ያደረቀው ፍሬ ነው።

ለሙከራ አንድ የወይና ደጋ ቀበሌ፣ ምንጭ ያለበት አንድ ጓሮ፣ በግብርና ምርምር ባለሙያ የተመረጠ ጥቂት ግንድ ይበቃል። ግንዱ ከየት እንደመጣ ግን በጥብቅ መታየት አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ በመጣ ችግኝ ላይ ተጣብቃ የገባች ከዓይን የምታመልጥ የሥር ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ከዳር እስከ ዳር አድርቃዋለች፤ ዛሬም ድረስ ገበሬዎቹ የአውሮፓውን ግንድ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየገጠሙ ነው የሚተክሉት። በጓደኛ ሻንጣ የሚመጣ ቁርጥራጭ ስጦታ መስሎ መቅሠፍት ሊሆን ይችላል።

የተሳካ እንደሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል የወይን ዘለላ ይደርቃል። በጓሮ ዳስ ላይ የወጣ ደህና የወይን ሐረግ ዘለላው በቅርጫት የሚለቀም ነው። አንድ ደብር ለሳምንት ቅዳሴው የሚዘፈዝፈው ዘቢብ እፍኝ አይሞላም።